የሰባተኛው ፎቅ ተቋራጭ

በ2081 ዓ.ም. በውሎች ንባብ ባለሥልጣን ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ መቶ አርባ ሰዎች ይሠሩ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ስሙን ሲጠሩት ቀና የሚለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባምላክ ይባላል። ቀና ማለት ሥራው ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ማሽኖች እርስ በርሳቸው ይዋዋላሉ፤ ፍሪጅ ከወተት አከፋፋይ፣ አሳንሰር ከጠጋኙ፣ የመንገድ መብራት ከመንገዱ ጋር። ሕጉ ደግሞ የትኛውም ውል በሰው ዐይን ሳይነበብ አይጸናም ይላል። ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ ያነባል። ውሉ ከቀን ወደ ቀን ሲበዛ፣ አንባቢው ደግሞ "እንዴት አደርክ" ላለው ሁሉ ቀና ሲል፣ አንድ ጥናት ወጣ። አንድ "ይቅርታ፣ አንዴ" ሃያ ስድስት ደቂቃ ይበላል አለ። "እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ሰላም ነው፣ ቤት እንዴት ናቸው" የሚለው ግን ጥናቱ እስኪታተም ድረስ ስላላለቀ ሊለካ አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቆብ ይጭናል። ቆቡ ግራጫ ነው፤ ከግንባር እስከ አገጭ ይወርዳል፤ ከውስጡ የሚታየው የሚነበበው ገጽ ብቻ ነው። ሰው ቢጠራ፣ ስልክ ቢደወል፣ እንግዳ ቢመጣ ሁሉም ወደ ባምላክ ይዞራል። ምሳ በቀጭን ቱቦ ይመጣል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቆቡ ይወልቃል፤ ከወለቀም በኋላ አእምሮ እንዲረጋ ለሁለት ሰዓት ባይወራ ይመከራል። ምክሩን የጣሰ ሰው ስሙ ይመዘገባል።

የባምላክ የሥራ መደብ በመዋቅሩ ላይ "ተቋራጭ" ተብሎ ተቀምጧል፤ በሌሎች ፈንታ የሚቋረጥ ለማለት ነው። እናቱ እማማ ሶልያና ይህን ዝርዝር ለሰፈሩ ሰው አላብራሩም። "ልጄ ተቋራጭ ነው" ይላሉ፣ በቃ። በዚህ ምክንያት ባምላክ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት አጥርና የጎረቤት ምድር ቤት እየዞረ ያያል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳውን መታ መታ ያደርግና "መሠረቱ ጥሩ ነው" ይላል። እስከ ዛሬ የፈረሰ የለም።

ጠረጴዛው አሳንሰሩ አጠገብ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ካርቶን ሶፍትና አንድ ወፍራም መዝገብ አለው። እዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲቀመጥ በቀን በአማካይ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ጊዜ ተቋርጧል። የአርባ ሁለት ቁጥሩ ሠራተኛ ሚስት ደውላ "ቁልፉን የት አደረግኸው?" ስትል ባምላክ "ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እዪ" ይላል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይገኛል። የሰባ ቁጥር ልጅ ስድስት ሲባዛ በዘጠኝ ስንት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። የማንም ልደት ሲሆን ሻማውን እፍ የሚለው እሱ ነው፤ በዓመት አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ኬክ ስለሚቆርስ ቀበቶው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። መርዶ ሲሆንም እንደ ወጉ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ፣ ባምላክን በመሀል ያስቀምጡታል፣ ይነግሩታል። እሱም ያለቅሳል። ለቅሶው የማስመሰል አልነበረም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታቸውን የተቀበላቸው አክስቶችና አጎቶች ናቸው፤ እንዴት አያለቅስ?

ማታ ለየአንዳንዱ ሠራተኛ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል። "ዛሬ አራት ጊዜ ተቋርጠዋል። ቁልፉ ተገኝቷል። አጎትዎ አርፈዋል። አልቅሰዋል።" ሠራተኛው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተውና አሳንሰር ይጠብቃል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሞጆ በባቡር የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አቶ ናታን ይባላሉ፤ ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ወይዘሮ ኤልዳና የፎቁ አንደኛ አንባቢ ናት፤ ሰማንያ ስምንት ቁጥር። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ስላልተቋረጠች ፎቶዋ አሳንሰሩ ውስጥ ተሰቅሏል። አቶ ናታን ሲመጡ መጀመሪያ ፎቶውን "ደህና ዋልሽ?" ይላሉ፤ ከዚያ ወርደው ባምላክ ፊት ይቀመጣሉ። በፊት በፊት እስክትወጣ ይጠብቋት ነበር። ግን የሁለት ሰዓቱ ዝምታ ሳያልቅ የመጨረሻው ባቡር ይሄድባቸዋል። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎመናቸው፣ ከዝናቡ በፊት ስለሚጠገነው ጣራ ለባምላክ ነግረው መመለስ ለመዱ።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ክራባት አስረው መጡ።

"ምነው አባቴ፣ ዛሬ ዘንጠዋል?" አላቸው ባምላክ።

"ለልጄ የምነግራት ነገር አለ።"

"ይንገሩኝ።"

አቶ ናታን ክራባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "ላገባ ነው።"

ባምላክ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ማንን?"

"ማንን የምትለው አንተ ነህ ወይስ እሷ?"

"ሁለታችንም።"

"ብሌንን። አጥር የምትጋራኝን ጎረቤቴን። የኤልዳና እናት ካረፈች ይኸው ዐሥራ ሦስት ዓመቷ፤ ብቻዬን እየበላሁ ለማን ጣፈጠ እላለሁ?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምን ትለኛለች ልጄ?"

ባምላክ የመመሪያውን መጽሐፍ ከመሳቢያ አውጥቶ ገለጠ። "ቤተሰባዊ ይሁንታ" በሚለው ሥር ውሻ ማሳደግ፣ ግድግዳ ቀለም ማስቀባትና ማግባት በአንድ መስመር ተጽፈዋል። "ደረጃ ሁለት ነው" አለ። "በእሷ ፈንታ ልመልስልዎ እችላለሁ።"

"ታዲያ መልስልኛ!"

ባምላክ ወደ ሰማንያ ስምንት ቁጥር ዞር ብሎ አየ። ግራጫው ቆብ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህች ሴት የሚያውቀውን ሁሉ የነገሩት እኚሁ አባቷ ናቸው፤ ልጅ እያለች ስም ያወጣችለት ዶሮ ታርዶ ቀርቦላት ለአንድ ሳምንት እንጀራ በጨው እንደበላች፣ ቁጣዋ ቶሎ እንደሚመጣ፣ ይቅርታዋ ግን ጥያቄ እንደሚበዛው። ይህን ሁሉ አሰበና በልቧ ሆኖ ለመናገር ሞከረ።

"አባዬ፣ አንተ ደስ ካለህ እኔም ደስ ይለኛል።"

አቶ ናታን አለቀሱ። ባምላክ ሶፍት አቀበላቸው፤ ለራሱም ወሰደ። ሠርጉ ለግንቦት የመጨረሻ ቅዳሜ ተቆረጠ። ማታ ወረቀቱ ላይ "አባትዎ ሊያገቡ ነው። ፈቅደዋል።" ብሎ ለኤልዳና ሰጣት። እሷም አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ አሳንሰሩ ገባች።

ሠርጉ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ከዋናው መሥሪያ ቤት የትኩረት መርማሪ መጣች። ወይዘሪት ሚልካ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትሕትናዋ ያስፈራል። ትኩረት የሚለካ አንድ ትንሽ መሣሪያ ይዛ ፎቁን ዞረችና በመጨረሻ ባምላክ ፊት ተቀመጠች።

"አቶ ባምላክ፣ ላስደነግጥዎ አልፈልግም።"

"አይዞሽ፣ ንገሪኝ" አለና በልማድ ሶፍቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

"በዚህ ሕንፃ ውስጥ ዝቅተኛው ትኩረት የተመዘገበው በእርስዎ ነው።"

"የኔ እህት፣ የኔ ሥራ እኮ..." ስልኩ ጮኸ። አነሳው። "ከቴሌቪዥኑ ጀርባ። እሺ። ሰላም ዋሉ። ምን እያልኩሽ ነበር?"

"ይኸው!" አለች ሚልካ፤ ጻፈች።

"እኔ የተቀጠርኩት ለመቋረጥ ነው።"

"ገብቶኛል። ግን ማንም ሳያቋርጥዎ ቢቋረጡ ምን ያህል ውጤታማ እንደሚሆኑ አስበውት ያውቃሉ?"

ባምላክ አሰበበት። እውነትም አስቦት አያውቅም።

ውሳኔው በአራተኛው ቀን ደረሰ። ከማክሰኞ ጀምሮ ተቋራጩ ቆብ ይጭናል፤ ሲቋረጥ የነበረበትን ሰዓት እያነበበ ያካክሳል። የፎቁ ጥሪ ሁሉ ደግሞ ብዙ ትኩረት ወዳጠራቀመው ሠራተኛ ይዞራል። ስሌቱ ሲሠራ ሰማንያ ስምንት ቁጥር ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ባምላክ በኤልዳና ወንበር ተቀምጦ ቆቡን ጫነ። ዓለም ጭጭ አለ። ዝምታው ለብ ያለ ውሃ ይመስላል፤ ከአናቱ ተነሥቶ ትከሻውን አልፎ ወረደ። ፊቱ ላይ አንድ ውል ተከፈተ፤ በአንድ ፍሪጅና በአንድ የወተት አከፋፋይ መካከል የተደረገ። አንቀጽ አንድን አነበበ። ማንም ቁልፍ አልጠየቀውም። አንቀጽ ሁለትን አነበበ። ማንም አልሞተም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ጀምሮ ጨርሶ አያውቅም ነበር፤ አሁን ሐሳቡ ሳይሰበር እንደ ክር ሲረዝም ተሰማውና ዐይኑ እንባ አቀረረ። ይህ ነገር ባያልቅ ብሎ ተመኘ።

አንቀጽ ዐሥራ ሰባት "ወተቱ ዘወትር ማክሰኞ ከአምስት ሰዓት በፊት ይደርሳል" ይላል።

ማክሰኞ። አቶ ናታን ዛሬ ሙሽሪትን ይዘው ይመጣሉ፤ ለልጃቸው "ሊያስተዋውቁ"። ጠረጴዛው ላይ የምትጠብቃቸው ደግሞ ኤልዳና ራሷ ናት፤ የማታ ወረቀቷን የማታነብ። እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልተነሣም። አንቀጽ ዐሥራ ስምንትንና ዐሥራ ዘጠኝን አነበበ፤ አጫጭር ነበሩ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

ሰልፉ ከጠረጴዛው ተነሥቶ በደረጃው ወርዶ አምስተኛ ፎቅ ደርሷል። ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ኤልዳና አታነሳውም፤ ምክንያቱም ፊቷ ከተቀመጠው ሰው ጋር ገና አልጨረሰችም። ከጠዋት ጀምሮ ያስተናገደችው ሦስት ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ውሃ የሚያመጣው ሰውዬ ነበር። "እንዴት አደሩ?" አላት። እሷም እንዴት እንዳደረች ነገረችው፤ ስንት ጊዜ እንደተገላበጠች፣ በየትኛው ጎኗ። ከዚያ "እርስዎስ?" ብላ ሰውዬው እስኪጨርስ ዝም ብላ ጠበቀችው። እንዲህ ተጠይቆ አያውቅምና ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሄዶም ተመለሰ፤ የረሳው ነገር ነበር። አራት ዓመት የተጠራቀመ ትኩረት አንዴ ሲከፈት እንዲህ ነው።

ወይዘሪት ሚልካ በግድግዳው ተደግፋ መሣሪያዋን አፍጥጣ ታያለች።

ባምላክ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። በዚህ ወንበር ላይ ከግማሽ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተቋርጧል፤ እሱ ግን ሰው አቋርጦ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቅርታ፣ ወይዘሮ ኤልዳና፣ አንዴ..."

ኤልዳና ቀና ሳትል ጣቷን አነሣች። "ተራዎን ይጠብቁ።"

ይህን ጊዜ አሳንሰሩ ተከፈተ። አቶ ናታን ክራባታቸውን አስረው ወጡ። ከኋላቸው አንዲት ቀጭን አሮጊት ሐምራዊ ቀሚስ ለብሰው ይከተላሉ፤ ወይዘሮ ብሌን ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አዲሱ ጫማቸው ስለቆረጣቸው በእጃቸው ይዘውታል። አቶ ናታን ወደ ጠረጴዛው አይተው ደነገጡ።

"ባምላክስ?" አሉ። "ባምላክ የለም?"

ኤልዳና ድምፁን ታውቀዋለች። ቀና አለች። "አባዬ? ምን ሆነህ መጣህ?"

"ምንም አልሆንኩ፤ ማክሰኞ ነው" አሉ አቶ ናታን፤ ልጃቸውን ሳይሆን ወንበሩን እያዩ። "ይቺ ብሌን ናት። ያው... የነገርኩሽ።"

"ምኑን ነገርከኝ?"

"የቅዳሜውን ነዋ። ፈቅደሽልኛል እኮ! 'አባዬ፣ አንተ ደስ ካለህ እኔም ደስ ይለኛል' ብለሽ አልቅሰሻል።"

ኤልዳና ከአባቷ ወደ ወይዘሮ ብሌን፣ ከወይዘሮ ብሌን ወደ ባዶ እግራቸው አየች። ከዚያ ቆቡን በብብቱ ይዞ ወደ ቆመው ሰውዬ ዞረች።

"አንተ ነህ?"

"ወረቀቱ ላይ ጽፌልዎት ነበር" አለ ባምላክ። "ደረጃ ሁለት ነው። በመመሪያው ከቀለም ቅብ ጋር ነው ያለው።"

"ሌላስ? በእኔ ስም ሌላ ምን አድርገሃል?"

ባምላክ መዋሸት አልለመደም። "ዐሥራ አንድ ልደት አክብሬያለሁ። የጣራውን ቆርቆሮ መርጠናል። አልቅሻለሁም።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሰባት ጊዜ።"

ኤልዳና ወንበሩን ያዝ አደረገች። ሰባት ሰው ማን ማን እንደሆነ በጣቷ መቁጠር ጀመረችና ሦስት ላይ ቆመች። ከዚያ ፊቷ ቀላ። "አልፈቀድኩም" አለች። "ማንም በእኔ ፈንታ አይፈቅድም። አልፈቀድኩም!"

ወይዘሮ ብሌን ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ለማድረግ ይታገሉ ጀመር። "እኔስ ልሂድ" አሉ ቀስ ብለው። "የሰባት ሰዓቱ ባቡር ይደርስልኛል። ናታን፣ አትቆጣት። እውነቷን ነው፤ እኛም የተናገርነው ለእሷ ሳይሆን ለጠረጴዛው ነው።"

"የትም አይሄዱም" አለች ኤልዳና። "አልፈቀድኩም አልኩ እንጂ አልከለከልኩም። ያላነበብኩት ነገር ላይ አልፈርምም፣ በቃ። ጫማውን ይተዉት፤ ይቀመጡ። አባዬ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

አቶ ናታን ተቀመጡ። ልጃቸውን አዩና ዐይናቸውን ሰበሩ። "ፊትሽን ሳይ ይጠፋብኛል" አሉ። "ለሱ ነው የሚመጣልኝ። እሱ ይንገርሽ፤ ሁሉንም ያውቀዋል።"

ያን ጊዜ ባምላክ ላይ የደረሰው ነገር እንግዳ ነበር። ተጠይቋል፣ መልሱንም ያውቃል፤ ዶሮዋን፣ አጥሩን፣ ክራባቱን ሁሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያደረገውን ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እሱ ግን ወንበር ስቦ ከኤልዳና ጎን ተቀመጠ። "አባቴ፣ እኔን እያዩ ይንገሯት" አለ። "እኔ ዛሬ ቆብ ላይ ነኝ፤ አልመልስም።"

አቶ ናታን ባምላክን እያዩ ጀመሩ። የወይዘሮ ብሌን ዶሮ አጥር ሾልካ እሳቸው ግቢ እንቁላል ጣለች። እሳቸው ቀቀሉት። ወይዘሮ ብሌን መጥተው "እንቁላሌን" አሉ። እሳቸው "በእኔ መሬት የተጣለ የእኔ ነው" አሉ። ወይዘሮ ብሌን ደግሞ "ዶሮዋ የማን ሆና?" አሉ። ክርክሩ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ዶሮዋም መጣል አላቆመችም፤ እስኪወሰን ድረስ እየቀቀሉ እኩል እኩል ይካፈሉ ጀመር። ይህን ሲሉ አቶ ናታን ሳይታወቃቸው ወንበራቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው ነበር።

"ታዲያ እንቁላሉ የማን ሆነ?" አለች ኤልዳና፤ ግንባሯን እንደ አንባቢ ቋጥራ።

"ገና አልተወሰነም" አሉ ወይዘሮ ብሌን። "ለዚህ እኮ ነው የምንጋባው።"

ኤልዳና ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች ሳቀች። ከአራት ዓመት በኋላ በሰባተኛው ፎቅ የተሰማ የመጀመሪያ ሳቋ ይህ ነው። ወይዘሪት ሚልካ መሣሪያዋን ዘቅዝቃ ነቀነቀችው፤ መልሳ ስታየው የኤልዳና ትኩረት አሁንም ያው ነው።

"ሌላ ጥያቄ አለኝ" አለች ኤልዳና፣ እንባዋን እየጠረገች። ሌላም፣ ሌላም ነበራት። የሰባት ሰዓቱ ባቡር ሄደ። ሰልፉ ተራውን ትቶ ዙሪያውን ከበበ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቷን ግንባራቸውን ሳመቻቸውና "ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አለች።

የዕለቱ ዘገባ በሳምንቱ ወጣ። ሁለት መቶ አምስት ጥሪዎች ሳይመለሱ እንደቀሩ፣ ሃያ ሦስት ሰዎች ቁልፋቸውን ራሳቸው ፈልገው እንዳገኙ፣ ተቋራጩ በቆብ ውስጥ ካነበባቸው ዐሥራ ዘጠኝ አንቀጾች አንድም ስሕተት እንዳልተገኘ ይገልጻል። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኮሚቴው ሳይቋረጥ እንዲሠራ በፈንታው የሚቋረጥ ሰው ለመቅጠር ማስታወቂያ ወጥቷል። ባምላክ ረቡዕ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ነበር።

ሠርጉ ዘገባው ከመውጣቱ በፊት በነበረችው ቅዳሜ፣ ሞጆ፣ በሁለቱ ግቢ መካከል ተደረገ። አጥሩን አፍርሰው ድንኳን ተክለውበታል። ባምላክ ከእድምተኛው ግማሹን በድምፅ ያውቀዋል። "ኧረ አንተ ነህ ባምላክ!" እያሉ አቀፉት፤ ስለ ወገባቸው ነገሩት፣ ስለ ልጃቸው ፈተና ነገሩት፣ የጀመሩትን ታሪክ ካቆሙበት ቀጠሉለት። የምሳው ግርግር ሲበርድ ኤልዳና ሰሐኗን ይዛ መጥታ ጎኑ ተቀመጠች።

"ሰባቱን አንድ በአንድ ትነግረኛለህ" አለች። "ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ያንተን ንገረኝ።"

"የኔን? ምኑን?"

"አላውቅማ። ለዚህ ነው የምጠይቅህ።"

ባምላክ አፉን ከፈተ። ወዲያው የመጣለት የአቶ ናታን ጉልበት ነበር፤ ተወው። ቀጥሎ የአርባ ሁለት ቁጥር ቁልፍ መጣ። እሱንም ተወው። ከዚያ በታች ሲፈልግ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆነበት። አንዲት አስተናጋጅ ድስት ይዛ "ይጨመር?" አለች። ኤልዳና ዐይኗን ከባምላክ ሳታነሳ እጇን ብቻ ዘረጋች፤ አስተናጋጇ አለፈች።

"ዋና መማር እፈልግ ነበር" አለ ባምላክ በመጨረሻ።

"ዋና?"

"ዋና። ልጅ ሆኜ።"

"የት? ከማን ጋር?"

እሱም ጀመረ። ዘፈኑ ተጀመረ፣ ሙሽሮቹ ተነሥተው ጨፈሩ፣ ኬክ ተቆረሰ። ሰው እየመጣ "ባምላክ፣ አንዴ" ሲል ኤልዳና "ተራዎን ይጠብቁ" ትላለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንኳን ነቃዮቹ መጥተው ወንበሮቹን መሰብሰብ ያዙ። የሁለቱን ወንበር ግን ለመጨረሻ ተዉት፤ ባምላክ በታሪኩ ውስጥ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም ነበርና።